ሰሙ ሥዕል፣ ወርቁ ድምፅ
(ስለ ሂችኮክና ስለ ሄርማን የሥራ ባልንጀርነት)

ከሲኒማ ቤት ወጥተን በመንገድ ላይ ስለ ፊልሙ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምናነሣው የተዋንያኑን መልክና አነጋገር ነው። ከመካከላችን ጠለቅ ብሎ ማየት የሚወድ ደግሞ የዲሬክተሩን ስም ይጠራል፤ ካሜራው ከየት ወደ የት እንደ ሄደ፣ ታሪኩም እንዴት እንደ ተያያዘ ይተነትናል። ስለ ሙዚቃው ግን «ደስ ይላል» ወይም «ይጮኻል» ከማለት ያለፈ አስተያየት አንሰማም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጆሯችን ሲገባ የቆየው ነገር እንዳልነበረ ሆኖ ይቀራል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት የተነገረው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም ለፊልም ተመልካችም ይስማማል፤ ያስፈራንን ነገር ሁሉ በዐይናችን ያየነው ይመስለናል እንጂ እኩሌታውን የሰማነው መሆኑን ልብ አንልም።

በዚህ ጽሑፍ አንድ የፊልም ዲሬክተርና አንድ የሙዚቃ ደራሲ ሥራቸውን እንዴት እንደሚካፈሉ ለማስረዳት እንሞክራለን። ለምሳሌ የመረጥናቸው አልፍሬድ ሂችኮክንና በርናርድ ሄርማንን ነው። እነዚህ ሰዎች ከ1955 እስከ 1966 ድረስ ዐሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እነሱን የመረጥንበት ምክንያት ፊልሞቻቸው የታወቁ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። በ1960 ትልቁን ድል የሰጣቸውና በ1966 ለዘለዓለም ያለያያቸው ድርጊት አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ነው። ይህን ነገር ደኅና አድርጎ የመረመረ ሰው ስለ ፊልም ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ስለ ኅብረት ሥራም የሚማረው ነገር ያገኛል ብለን እናምናለን።

ሁለቱ ሰዎች

ሂችኮክ በ1899 በሎንዶን ከተማ ተወለደ። በእንግሊዝ አገር ብዙ ፊልሞችን ከሠራ በኋላ በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከሥራው በፊት ሁሉን ነገር በወረቀት ላይ አስቀድሞ የሚያሰናዳ፣ ድንገተኛ ነገር የማይወድ፣ ረጋ ያለና ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ነበር። ሄርማን ደግሞ በ1911 በኒው ዮርክ ተወለደ። ሙያውን ያደረጀው በራዲዮ ጣቢያ ነው። በራዲዮ ድራማ ውስጥ መጋረጃ የለም፤ ብርሃን የለም፤ መልክም የለም። የአድማጩን ልብ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው የሚወስደው ድምፅ ብቻ ነው። በዚሁ በራዲዮ ሥራ ከኦርሰን ዌልስ ጋር ተዋወቀና በ1941 ለወጣው «ሲትዝን ኬን» ለተባለው ፊልም ሙዚቃውን ደረሰ። ሄርማን ቍጡ፣ ተከራካሪ፣ ያሰበውን ሳይናገር የማያድር ሰው እንደ ነበረ የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ።

እንግዲህ በጠባይ የማይገጥሙ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም በ1955 «ዘ ትራብል ዊዝ ሃሪ» በተባለው ፊልም ሥራ ጀመሩ፤ ቀጥለውም በ1956 «ዘ ማን ሁ ኒው ቱ ማች» እና «ዘ ሮንግ ማን»፣ በ1958 «ቨርቲጎ»፣ በ1959 «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት»፣ በ1960 «ሳይኮ»፣ በ1964 «ማርኒ» ተከታትለው ወጡ። ሄርማን ለሂችኮክ ሙዚቃ የደረሰላቸው ፊልሞች እነዚህ ሰባቱ ናቸው። ከነዚህ በተጨማሪ አንድ ሙዚቃ የሌለው ፊልምና አንድ ፊልም ያላገኘ ሙዚቃ አለ፤ ስለነሱ ወደ ኋላ እንነጋገራለን።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

የፊልም ሙዚቃ የሚደረሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙ ተነሥቶ፣ ተቈርጦና ተቀጣጥሎ ካለቀ በኋላ ነው። ዲሬክተሩና የሙዚቃ ደራሲው ጐን ለጐን ተቀምጠው ፊልሙን ያያሉ። ሙዚቃው ከየትኛው ቦታ ላይ ገብቶ የት ላይ እንደሚወጣ፣ የት ላይም ዝም እንደሚባል ይስማማሉ። ሂችኮክ በዚህ ጊዜ ስለ ድምፅ ያሰበውን ሁሉ ክፍል በክፍል ለጸሐፊ እየነገረ ያስጽፍ ነበር። ከዚያም ለሙዚቃ ደራሲው የእያንዳንዱ ትርኢት ርዝመት በሴኮንድ ተለክቶ ይሰጠዋል። እሱም በዚያ ልክ ይደርሳል፤ ጥቂት ሴኮንድ ቢያስረዝም ሙዚቃው ተዋናዩ ከወጣ በኋላ ብቻውን ይቀራል። በመጨረሻም ኦርኬስትራው በአዳራሽ ተሰብስቦ ፊልሙ ፊት ለፊት እየታየ ይጫወታል። መሪው በአንድ ዐይኑ ሥዕሉን፣ በሌላው ተጫዋቾቹን ይጠብቃል።

በዚያ ዘመን በሆሊውድ ልማድ የሙዚቃ ደራሲው ዜማውን ነድፎ ይተውና የትኛው መሣሪያ ምን ይጫወት የሚለውን ሌላ ባለሙያ ይከፋፍለው ነበር። ሄርማን ግን ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም፤ እያንዳንዱን መሣሪያ ራሱ ይመድብ ነበር። ለእሱ የድምፁ ቀለም የድርሰቱ ልብስ ሳይሆን ሥጋው ነበር። ሌላም ልዩ ልማድ ነበረው። ረዥም ዜማ ከመድረስ ይልቅ አጫጭር ሐረጎችን እየደጋገመ፣ እየለዋወጠም ይሠራ ነበር። ረዥም ዜማ እስኪያልቅ ድረስ ሥዕሉን አስቁሞ ያስጠብቃል፤ አጭር ሐረግ ግን ሥዕሉ ባለቀበት ቦታ ሁሉ ሊያልቅ ይችላል። ከዚህም በላይ ያልተቋጨ ሐረግ ሲደጋገም አድማጩ «አሁን ያልቃል፤ አሁን ያልቃል» እያለ ልቡ ይንጠለጠላል። ይህ ልብ ማንጠልጠል ደግሞ የሂችኮክ ዋና ሙያ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በጠባይ ባይገናኙም የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያሻል። የሙዚቃ ደራሲው የሚጠራው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ስለ ሆነ፣ ቤት ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ግድግዳ ሊቀባ እንደ ተጠራ ሰው ሊቈጠር ይችላል። የታዘዘውን ቀለም ቀብቶ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። ሄርማን ግን ገና ከመግባቱ «ይህ ቤት መስኮት ጎድሎታል» የሚል ዐይነት ሰው ነበር። የዐሥራ አንዱ ዓመት ታሪክ ሂችኮክ ይህን አነጋገር እንዴት እንደ ተቀበለው የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ዝም ያለ ተዋናይ፣ የሚናገር ሙዚቃ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሂችኮክ እምነቱን በግልጥ አሳይቷል። «ዘ ማን ሁ ኒው ቱ ማች» በተባለው ፊልም ነፍሰ ገዳዩ በሎንዶን አልበርት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ኦርኬስትራው የናስ ጽናጽሉን የሚያጋጭበትን ቅጽበት ይጠብቃል፤ የተኵሱ ድምፅ በዚያ ጩኸት እንዲዋጥ ነው። ይህ ክፍል ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቆይ አንዲት የንግግር ቃል አትሰማበትም። ኦርኬስትራውን እየመራ የሚታየው ራሱ ሄርማን ነው። ነገር ግን የሚጫወተው ሙዚቃ የእሱ አይደለም፤ አርተር ቤንጃሚን ለ1934ቱ የፊልሙ የመጀመሪያ ቅጂ የደረሰው ነው። ሄርማን በስፍራው የራሱን ድርሰት ሊያገባ ሲችል የቀድሞው ለቦታው የተስማማ መሆኑን አይቶ ተወው። ቍጡ የተባለው ሰው ለሥራው ሲል የራሱን ስም ወደ ኋላ ማድረግ የሚችል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በ«ቨርቲጎ» ደግሞ አንድ የቀድሞ ፖሊስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንዲትን ሴት በመኪና እየተከተለ ይሰልላል። ለብዙ ደቂቃ ንግግር የለም ለማለት ይቻላል፤ መኪና ይከተላል፣ ሴትዮዋ ወደ መቃብር ስፍራ ትገባለች፣ ከሥዕል ፊት ትቀመጣለች። ይህን ክፍል ያለ ሙዚቃ ብናየው የከተማ ጉብኝት በመሰለን ነበር። ሰውየው እየወደዳት፣ ከመውደዱም የተነሣ አእምሮውን እየሳተ መሆኑን የምናውቀው በሙዚቃው ነው። ሶል ባስ በሠራው የፊልሙ መክፈቻ ላይ ጥምዝምዝ ቅርጾች ሲዞሩ እናያለን፤ የሄርማንም ሐረጎች አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ እንደ መስተዋት ተቃራኒ ሆነው ይዞራሉ። የማዞር በሽታ ያለበትን ሰው ታሪክ ዐይንና ጆሮ በአንድ ቋንቋ ይጀምሩታል።

ሳይኮ

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን ደረስን። በ1960 የወጣው «ሳይኮ» በስምንት መቶ ሺህ ዶላር ገደማ የተሠራ ርካሽ ፊልም ነበር። ሂችኮክ የተጠቀመው በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ አብረውት በሚሠሩት ሠራተኞች ነው፤ ሥዕሉም ባለቀለም ሳይሆን ጥቍርና ነጭ ነበር። ተቈርጦ ተቀጥሎ ሲያየው ደስ አላለውም፤ አሳጥሮ ለቴሌቪዥን ሊያውለው እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። ሄርማንን በጠራው ጊዜ የሰጠው ትእዛዝ ግልጥ ነበር፤ ሴትዮዋ በመታጠቢያ ቤት በምትገደልበት ትርኢት ላይ ምንም ሙዚቃ አይግባ፤ ውሃውና ጩኸቱ ብቻ ይሰማ የሚል ነው።

ሄርማን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከኦርኬስትራው ውስጥ የክር መሣሪያዎችን ብቻ ማስቀረት ነው። ጥሩምባ የለ፣ ዋሽንት የለ፣ ከበሮ የለ፤ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ ብቻ። የሥዕሉ ቀለም ጥቍርና ነጭ ከሆነ የድምፁም ቀለም እንደዚያው ይሁን ማለቱ ነው። ከዚህም ጋር ተጫዋቾቹ ክሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ ላይ ማፈኛ እንዲያደርጉ አዘዘ። በዚህ የተነሣ የፊልሙ ሙዚቃ ሁሉ የታፈነ፣ ትንፋሹን የዋጠ ነው። ማፈኛው የሚነሣው በግድያው ጊዜ ብቻ ነው። ሄርማን ለዚያ ትርኢት ሙዚቃ እንዳይደርስ የተነገረውን ትእዛዝ አልፎ ደርሶ ነበርና።

ሥዕሉንና ሙዚቃውን አጋጥመው ባዩ ጊዜ ሂችኮክ አልተቈጣም። የቀድሞ ሐሳቡ ስሕተት መሆኑን አምኖ ሙዚቃው እንዲገባ ፈቀደ። ግድያው ራሱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በፊልም ታሪክ ውስጥ ከዚያ ይልቅ የታወቀ ድምፅ ማግኘት ያስቸግራል። ቫዮሊኖቹ ከላይ ወደ ታች ሲሰነጥቁ ወፍ ነው የሚጮኸው፣ ሴቲቱ ናት ወይስ ስለቱ? ሦስቱንም ነው። በፊልሙ መክፈቻም የሄርማን ስም ከዲሬክተሩ ስም በፊት ባለው መጨረሻ ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ ይህ የክብር ቦታ ነው።

እኛ ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ይልቅ የምናደንቀው ከዚያ ቀደም ያለውን ክፍል ነው። ሴትዮዋ ዐርባ ሺህ ዶላር ሰርቃ በመኪና ትሸሻለች። የምናየው ምንድን ነው? ፊቷን፣ መሪውን፣ መንገዱን፣ በመጨረሻም ዝናቡን። እውነት ነው፣ በሐሳቧ የምትሰማቸው ድምፆችም አሉ፤ ግን ሥዕሉን ብቻውን ብንወስደው ዘመድ ልትጠይቅ የምትነዳ ሴት ብትሆን ምን ይከለክላል? በፍርሃት የሚያሯሩጠን ከበታች ያለ ማቋረጥ የሚቈርጠው የክር ድምፅ ነው። የቅኔ ቤት ልጆች ይህን ነገር ለመረዳት ሌላ ትምህርት አያሻቸውም። ሥዕሉ ሰም ነው፤ አንዲት ሴት መኪና ትነዳለች። ሙዚቃው ወርቅ ነው፤ አንዲት ሴት ወደ ሞቷ ትሄዳለች። ሰሙ ያለ ወርቁ ተራ ነገር ነው፤ ወርቁም ያለ ሰሙ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ሂችኮክ ሰሙን ሠራ፤ ሄርማን ወርቁን አፈሰሰበት።

ዝምታም ሙዚቃ ነው

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ የሙዚቃ ደራሲው ሁልጊዜ ትክክል ነው» የሚል ሰው ቢኖር የ1963ቱን «ዘ በርድስ» እንጠቅስለታለን። ወፎች በሰው ላይ ሲነሡ የሚያሳየው ይህ ፊልም በልማድ የምናውቀው የሙዚቃ ድርሰት የለውም። የክንፉና የጩኸቱ ድምፅ የተሠራው ኦስካር ሳላ በተባለ ጀርመናዊ፣ ትራውቶኒየም በሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ሄርማን የድምፅ አማካሪ ሆኖ ተገኘ። የሙዚቃ ደራሲ ሙዚቃ በሌለው ፊልም ምን ይሠራል ቢሉ፣ መቼ ዝም እንደሚባል የሚያውቅ መናገር የሚያውቅ ሰው ነው ብለን እንመልሳለን።

መለያየት

በ1964 የወጣው «ማርኒ» ገበያ አላገኘም። የፊልም ኩባንያው ሹማምንት የሄርማን ሙዚቃ ያረጀ ነው፤ ወጣቱ የሚፈልገው በሸክላ ተቀርጾ የሚሸጥ ዘፈን ነው ይሉ ጀመር። ሂችኮክም ስድሳ አምስት ዓመት አልፎት ነበርና «ጊዜው አለፈበት» የሚለውን ቃል ፈራ። «ቶርን ከርተን» ለተባለው ፊልም ሄርማንን ሲጠራው ከሌላው ጊዜ የተለየ፣ ለዘመኑ ጆሮ የሚስማማ ሙዚቃ እንዲያመጣ አስቀድሞ ነገረው። በፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው በገበሬ ቤት የሚገደልበት ረዥም ትርኢት አለ፤ ሂችኮክ በዚያ ላይ ሙዚቃ እንዳይገባ ፈለገ።

ሄርማን ግን ዐሥራ ሁለት ዋሽንት፣ ዐሥራ ስድስት ቀንደ መለከትና ዘጠኝ ትሮምቦን ሰበሰበ፤ ቫዮሊን ግን አንድም አላስገባም። ለግድያውም ትርኢት ሙዚቃ ደረሰ። ይህም ከስድስት ዓመት በፊት ያደረገውን መድገሙ ነበር። በመጋቢት 1966 ቀረጻው በተጀመረ ጊዜ ሂችኮክ መጥቶ የመክፈቻውን ሙዚቃ ሰማና ያዘዘው እንዳልሆነ አየ፤ ሥራው ሳይፈጸም አስቆመው። ሙዚቃውን እንዲደርስ ለጆን አዲሰን ተሰጠ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲያ አብረው አልሠሩም።

ማን አጠፋ? ፍርድ ለመስጠት ብንቸኩል እናዳላለን። ሂችኮክ የፈለገውን በግልጥ ተናግሯል፤ ከላዩም የኩባንያው ጫና ነበረበት። ከዚህም በላይ የገበሬው ቤት ግድያ ዛሬ ያለ ሙዚቃ ሲታይ እጅግ የበረታ ነው፤ ሰውን መግደል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ የሚያሳየን ያ ዝምታ ነው። በዚህ ላይ ዲሬክተሩ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ሄርማንም ቢሆን የጠሩት ሄርማን ስለ ሆነ ነው፤ ሌላ ሰው ሆኖ እንዲመጣ መጠየቅ አለመጥራት ነበር።

ለእኛ የሚመስለን ልዩነቱ ያለው በሁለቱ ቀኖች አኳኋን ላይ ነው። በ1960 ትእዛዙ ሲጣስ ሂችኮክ ሥዕሉንና ድምፁን አጋጥሞ አይቶ ፈረደ። በ1966 ግን ቀረጻው ሳያልቅ፣ ሙዚቃው ከሥዕሉ ጋር ሳይመዘን ፈረደ። በመጀመሪያው ቀን የጠየቀው «ይህ ለፊልሙ ይበጃልን?» ብሎ ነው፤ በሁለተኛው ቀን «ይህ ያዘዝሁት ነውን?» ብሎ ነው። የኅብረት ሥራ የሚቆመው አንዱ ሌላውን ስለ ታዘዘ አይደለም። «እንቢ» ለማለት የሚችል ሰውና «እንቢ»ውን እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው ሲገናኙ ነው። ከሁለቱ አንዱ የጠፋ ቀን ሥራው ያልቃል።

ከመለያየት በኋላ

ከዚያ በኋላ ሂችኮክ አራት ፊልሞችን ለሕዝብ አቀረበ፤ ከ«ቶርን ከርተን» ጀምሮ አራቱም የተለያየ ሙዚቃ ደራሲ ነበራቸው። በ1980 ሞተ። ሄርማን ኑሮውን ወደ ሎንዶን አዛወረ። ፍራንሷ ትሩፎ የተባለው ፈረንሳዊ ዲሬክተር በ1966 ከሂችኮክ ጋር ያደረገውን ረዥም ቃለ ምልልስ በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ በዚያው ዓመት ለወጣው ፊልሙ ለ«ፋራናይት 451» ሙዚቃውን ያስደረሰው ሄርማንን ነው። ከታናናሾቹ ዲሬክተሮችም ብራያን ደ ፓልማና ማርቲን ስኮርሴዚ ፈለጉት። ሄርማን የስኮርሴዚን «ታክሲ ድራይቨር» ሙዚቃ ቀረጻ ታኅሣሥ 23 ቀን 1975 ፈጽሞ በዚያው ሌሊት በተኛበት ዐረፈ። ዕድሜው 64 ዓመት ነበር።

የተጣለው ሙዚቃም ጨርሶ አልጠፋም። ስኮርሴዚ በ1991 «ኬፕ ፊር»ን እንደገና ሲሠራ ኤልመር በርንስታይን የሄርማንን የ1962 ድርሰት ለአዲሱ ፊልም አስተካከለው፤ ከ«ቶርን ከርተን» ከቀረውም ጥቂት ጨመረበት። ለሂችኮክ ከደረሳቸው ሙዚቃዎች አንዱ እንኳ ለኦስካር ሽልማት ዕጩ ሆኖ አያውቅም፤ የ«ሳይኮ» ሙዚቃ ጭምር። ነገር ግን «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ2012 የዓለምን ሐያስያን ድምፅ ሲሰበስብ አንደኛ የሆነው «ቨርቲጎ» ነው፤ ከቦታው ያስለቀቀውም ለዐምሳ ዓመት አንደኛ ሆኖ የኖረውን «ሲትዝን ኬን»ን ነው። ሐያስያኑ የሁለት ዲሬክተሮችን ስም አወዳደሩ፤ የሁለቱም ፊልሞች ሙዚቃ ደራሲ ግን አንድ ሰው ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፊልም ስናይ አንድ ነገር እንድንሞክር እናሳስባለን። በጣም በፈራንበት ወይም ባዘንንበት ቦታ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ዐይናችንን ጨፍነን እናዳምጥ። ፍርሃቱ ከእኛ ጋር ከቆየ፣ ከዲሬክተሩ ጐን የተቀመጠ ሌላ ሰው እንዳለ እንረዳለን። መብራቱም ሲበራ ለመውጣት ሳንጋፋ ጥቂት ቆመን ስሙን እናንብብ።